በሞንታርቦ የተጠራ ስም

ጠጂቱ ሮባ የቢልቃ ከንቲባ ከመሆኗ በፊት ለብዙ ዓመት ጂኦግራፊ ስታስተምር የኖረች ሰው ናት። ስለዚህ ሹመቱ ከመጣ በኋላም «ክብርት ከንቲባ» የሚላት ደብዳቤ ብቻ ነበር። ባጃጅ ነጂው፣ ሥጋ ሻጩ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ ሳይቀር «ቲቸር» ነው የሚሏት። ግማሾቹን ራሳቸውን አስተምራለች፤ የቀሩትን ደግሞ ልጆቻቸውን።

ቢልቃ ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ መኪና ውስጥ ያንቀላፋ ሰው ሳያያት የሚያልፋት ከተማ ናት። አስፋልቱ መሃሏን ሰንጥቆ ይሄዳል። ግራና ቀኙ ሱቅ፣ ወፍጮ ቤት፣ ጤና ጣቢያ፤ ከላይ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ከታች መስጊዱ፣ ራቅ ብሎ የፕሮቴስታንቶቹ አዳራሽ። ከዚያ ወዲያ ዓይን እስኪደክም ድረስ ስንዴና ገብስ ነው።

ኮሮና አገር ገባ ተብሎ ትምህርት ቤት በተዘጋበት በዚያ መጋቢት፣ ጠጂቱ ለሹመቱ ገና አዲስ ነበረች። ከቢሮ ስትመለስ ሬዲዮ ትከፍትና ስታስተምራቸው የኖረቻቸውን አገሮች ስም አንድ በአንድ ትሰማለች። ትልልቆቹ አስከሬን የሚያኖሩበት ቦታ ጠቧቸዋል። ትንንሾቹ ግን፣ ተማሪዎቿ ካርታ ላይ ጣታቸውን እየሰደዱ ሲፈልጓቸው የሚጠፏቸው ደሴቶች ጭምር፣ ገና በጠዋቱ ወደባቸውን ዘግተዋል። መሪዎቻቸው በየቀኑ ሕዝባቸው ፊት እየቀረቡ የሚሆነውንም የማይሆነውንም በግልጽ ይናገራሉ። ይህ ነገር ልቧን ሞላው።

«እኛም እኮ ትንሽ ነን» አለቻት የጤና ጣቢያውን ኃላፊ ማህደርን፣ አንድ ቀን ማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመው። «እዚህ ከተማ ውስጥ ስሙን የማላውቀው ሰው የለም። እንዲህ ባለ ቦታ በሽታ የት ይደበቃል?»

ማህደር የአሰላ ልጅ ናት። ቢልቃ ከመጣች ጀምሮ ከጠጂቱ ጋር እንደ እህት ናቸው፤ ያሰበችውን ሳታላምጥ ትናገራለች። «እነሱ ባህር አላቸው ጠጂ» አለቻት። «እኛ ያለን አስፋልት ነው።»

ቢሆንም ጠጂቱ ሥራዋን ሠራች። የሐሙሱን ገበያ ከጠባቡ ቦታው አንስታ የትምህርት ቤቱ ኳስ ሜዳ ላይ አሰፋችው፤ ሣሩ ላይ በኖራ መስመር አሰመረችና ሻጭ ከሻጭ እንዲራራቅ አደረገች። ገበሬው መጀመሪያ አጉረመረመ። ነገሩን ያቀናላት ኦቦ ጉርሙ ነው። ጉርሙ በዚያ አካባቢ ደም ያደረቀ፣ የተጣላ ባልና ሚስት ያስታረቀ፣ ቃሉ የሚከበር ሽማግሌ ነው። ገበያው መግቢያ ላይ በትሩን ተደግፎ ይቆማል። እጁን ሊስመው የሚመጣውን ሁሉ በትሩን ቀደም አድርጎ ያቆመውና መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል። የመጀመሪያው ሐሙስ ሰው ግራ ተጋባ። ትንሽ ቆይቶ ግን አገሩ በሙሉ እንደ ጉርሙ ሰላምታ መስጠት ጀመረ።

የወረዳው አስተዳዳሪ አቶ እንደሻው በስብሰባ ላይ ቢልቃን እያነሱ «ከዚች ከተማ ተማሩ» አሉ። ሙገሳው ጠጂቱን ደስ አላት። ደስ ማለት ብቻም አይደለም፤ ትንሽ ልቧን አሳበጠው።

ለኢድ ሱሀይብ መጣ።

ሱሀይብ የነጋዴው የሰኢድ ልጅ ነው፤ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር። አባቱ ሰኢድ በወጣትነቱ ከስልጤ መጥቶ ቢልቃ የሰፈረ፣ የከተማውን ልጆች ሁሉ ዩኒፎርም ያለበሰ ባለሱቅ ነው። ልጆቹን ሁሉ የወለደው እዚያው ነው። ሱሀይብ ደግሞ የጠጂቱ ተማሪ ነበር፤ የአገሮችን ዋና ከተማ ከነፊደሉ ሸምድዶ፣ ስትጠይቅ ከሁሉ ቀድሞ እጁን የሚያወጣ።

መስጊድ ተዘግቶ ስለነበረ ኢዱ በየቤቱ ነው የዋለው። ሱሀይብ ጎረቤት ለጎረቤት እየዞረ እንኳን አደረሳችሁ አለ፤ ከጓደኞቹ ጋር ከረምቡላ ተጫወተ፤ አባቱ ሱቅ ባንኮኒው ኋላ ቆመ። ከዚያ ትኩሳት ጀመረው። ማንም ሳያስገድደው፣ ማንም ሳይጠቁመው፣ በገዛ እግሩ ጤና ጣቢያ ሄዶ «የመጣሁት ከጅቡቲ መስመር ነው፤ መርምሩኝ» አለ። ማህደር ናሙናውን ወስዳ ወደ አዳማ ላከች። ውጤቱ ሲመጣ አምቡላንስ መጥቶ አሰላ ወደተዘጋጀው ለይቶ ማከሚያ ወሰደው።

ማህደር ለጠጂቱ ስልክ ደውላ ነገረቻት። ጠጂቱ እየሮጠች ጤና ጣቢያ ሄደች።

«ማንን ማንን እንዳገኘ ጠይቀሽዋል?»

«የሚያስታውሰውን ነግሮኛል። የማያስታውሰው ይበልጣል። የኢድ ሰሞን ነው፤ ሱቅ ውስጥም ቆሟል። ግማሽ ከተማውን አግኝቷል ማለት ይቻላል።»

«እንግዲያው በሞንታርቦ እናስነግር።»

«እናስነግር፤ ግን ስም አትጥሪ።»

«ስሙ ካልተጠራ ሰዉ ማግኘት አለማግኘቱን በምን ያውቃል? ከሱሀይብ ጋር የበላ ሰው ከሱሀይብ ጋር መብላቱን ካልሰማ ለምን ይመጣል?»

ማህደር ጭንብሏን ወደ አገጯ አወረደችና ቆም ብላ አየቻት። «ኋላ እንዳይቆጭሽ ጠጂ» አለቻት።

ጠጂቱ ግን ጊዜ የለም ብላ ነው ያሰበችው። ክፋት አልነበረባትም፤ እንዲያውም የነዚያ የትንንሽ አገር መሪዎች ግልጽነት በጆሮዋ ውስጥ እያስተጋባ ነበር። ቃሏን ስልኳ ላይ በኦሮምኛና በአማርኛ ቀዳችና ለባጃጅ ነጂው ለረዲ ሰጠችው። ረዲ ሞንታርቦውን ባጃጁ ጣራ ላይ አስሮ ከተማዋን ዞረ። «የአቶ ሰኢድ ልጅ ሱሀይብ ሰኢድ በኮሮና ተይዟል። እሱን ያገኛችሁ፣ አባቱ ሱቅ የገባችሁ ሁሉ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ቅረቡ።» ድምጿ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ገብሱ ማሳ ድረስ ተሰማ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ድንኳን ተተክሎ፣ ወንበር ተደርድሮ ተጠበቀ። ማንም አልመጣም።

ይልቅ የሆነው ሌላ ነገር ነው። ሰኢድ ሱቁን ከፍቶ ሲቀመጥ በፊት ለፊቱ የሚያልፈው ሰው አስፋልቱን ተሻግሮ በወዲያኛው በኩል መሄድ ጀመረ። በጋሪ ውሃ የሚያመላልሰው ሰው የእነ ሰኢድን ጀሪካን ከበር ሳያነሳ አለፈ። የሱሀይብ እናት ነኢማ እህል አሸክማ ወፍጮ ቤት ብትሄድ ባለወፍጮው ከሩቅ እጁን እያወዛወዘ «ዛሬ መብራት የለም» አላት፤ ወፍጮው ከበስተኋላው እየጮኸ። ነኢማ እህሏን አስይዛ ተመለሰች። እሷና ሰኢድ ተመርምረው ነጻ መሆናቸው ከተነገረ በኋላ እንኳ የተለወጠ ነገር አልነበረም። አንዳንዱ ጭራሽ «መጤዎቹ አመጡብን» ይል ጀመር።

ጠጂቱ ይህን ስትሰማ ፖሊስ ልካ ባለወፍጮውን አስገሠጸችው። ሰውዬው እሺ አለ። ነኢማ ግን ተመልሳ አልሄደችም፤ እህሏን በሰው እጅ አሰላ ልካ ማስፈጨት ጀመረች።

ሳምንት ያህል እንዳለፈ ማህደር ጠጂቱ ቢሮ መጣችና በሩን ዘግታ ተቀመጠች።

«ሰው አይመጣም» አለች። «ለኮሮና ብቻ አይደለም። ጉንፋን የያዘው አይመጣም፤ ያሳለው አይመጣም። የዛሬን መዝገብ ብታይ ቢልቃ ውስጥ የሚያስል ሰው የለም። ክረምት እየገባ፣ ይህ ሁሉ ብርድ እያለ፣ ጉንፋን ከከተማው ጠፋ።»

«ታዲያ የታሉ?»

«ቤታቸው። ዝንጅብልና ዳማከሴ እያፈሉ፣ በር ዘግተው። አቅም ያለው ደግሞ አዳማ ሄዶ በሌላ ስም ይታከማል። አንቺ ትንሽ ቦታ ውስጥ በሽታ የት ይደበቃል ብለሽኝ ነበር። ሰው የሚደበቀው እኮ ትንሽ ቦታ ላይ ነው ጠጂ። አዲስ አበባ ቢታመም ማን ያውቀዋል? እዚህ ግን ስሙ ከወጣ የት ይገባል?»

ጠጂቱ በመስኮቱ ወደ አስፋልቱ ስታይ የሰኢድ ሱቅ ይታያታል። ሰኢድ ባንኮኒው ላይ ክርኑን አስደግፎ ብቻውን ተቀምጧል። ቀና ብሎ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የተመለከተ መሰላትና ከመስኮቱ ዞር አለች።

ከዚያ በኋላ ነው ለሊሴ የመጣችው። ለሊሴ የጉርሙ ልጅ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ አባቷን እየጦረች አብራው የምትኖር። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ቢሮ አልገባም ብላ ከደጅ ቆመች።

«አባዬ ታሟል ቲቸር። ካመመው ቆየ። እንዳትናገሩ ብሎ አስምሎን ነው። ዛሬ ግን መተንፈስ አቃተው።»

ጠጂቱ ጭንብሏን አጥብቃ ተከትላት ሄደች። ኦቦ ጉርሙ ጓዳ አልጋ ላይ በትራስ ተደግፎ ቁጭ ብሏል። ያ ገበያ መግቢያ ላይ እንደ ዋርካ የሚቆም ሰው ትከሻው ጎብጦ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ በየመሃሉ አየር ይቀማል።

«ኢንታላ ኮ» አላት፤ ልጄ ማለቱ ነው። «ራቅ ብለሽ ቁጭ በይ።»

«ኦቦ ጉርሙ፣ ለምን ዝም አሉ? እኔን እንኳ ማስጠራት አቃትዎ?»

«አንቺንማ እንዴት ላስጠራ?» ትንፋሹን ሰበሰበ። «እኔ ሞት አልፈራም፤ ዕድሜ ጠግቤያለሁ። በባጃጅ ላይ ስሜ ቢዞር ብዬ ግን ለሊሴን አሰብኩ። ልጆቿን አሰብኩ። እኔ ሄጄ እነሱ እዚህ ነው የሚቀሩት። ነኢማን ወፍጮ ቤት ሲመልሷት አይቻለሁ። ቆሜ አይቼ ዝም ነው ያልኩት። ቢልቃ ውስጥ ቃሌ ይሰማል ይባላል፤ ያን ቀን ግን ቃል አልወጣኝም። ትኩሳቱ ጀምሮኝ ነበርና ሰው እንዳያየኝ ፈራሁ።»

ጠጂቱ ወንበሯን ሳታስበው ወደ አልጋው አስጠጋች። እንባዋ ጭንብሉን አራሰው።

«የኔ ጥፋት ነው» አለችው። «ይስሙኝ። አሰላ ይሂዱ፤ ኦክስጂን አለ። የእርስዎን ስም ከእኔ አፍ ማንም አይሰማም። በልጆቼ ይዤዎታለሁ።»

ሽማግሌው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። አምቡላንሱ ሳይጮህ፣ በጓሮ በኩል እንዲመጣ አደረገች። ልታስነሳው ስትደግፈው ክብደቱ ሁሉ ትከሻዋ ላይ አረፈ፤ ትንፋሹ ፊቷ ላይ ነበር። መራቅ እንዳለባት ታውቃለች። ግን እንዲህ ሆኖ የተነሳን ሰው እንዴት ብላ ትልቀቀው?

ጥቂት ቀን ቆይቶ ራሷን አመማት። ከዚያ የምትበላው ነገር ሁሉ ጣዕም አጣባት። ማህደር ናሙና ወሰደች፤ ውጤቱም እንደፈሩት ሆነ። ሕመሟ የሚከብድ ስላልነበረ አሰላ አልወሰዷትም፤ ለይቶ ማቆያ በተደረገው በራሷ ትምህርት ቤት፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ይማሩበት በነበረ ክፍል ውስጥ ፍራሽ ተዘርግቶላት ገባች።

በዚያው ቀን አቶ እንደሻው ደወሉ።

«እግዚአብሔር ይማርሽ ጠጂቱ። አይዞሽ። ነገሩን እኛ እንይዘዋለን። ድካም ይዟት ጥቂት ቀን ዕረፍት ወጣች እንላለን።»

«ለምን እንዲህ እንላለን አቶ እንደሻው?»

«ሕዝቡ ይደናገጣላ። ከንቲባዋ ራሷ ተያዘች ከተባለ ማን ይረጋጋል? ደግሞ ስም አለሽ፤ ሞዴል ከተማ ብለን ስንጠራችሁ ከርመናል። ለአንቺ ብዬ ነው።»

ሰውየው ክፉ ሰው እንዳልሆኑ ታውቃለች። ባለፈው ክረምት ጎርፍ ሲመጣ በቦቲ ጫማ ጭቃ ውስጥ ሲዳክሩ አይታቸዋለች። ለእሷ ማሰባቸውም እውነት ነው።

«የሱሀይብን ስም ስጠራ አልደወሉም» አለቻቸው በቀስታ።

«ያ ሌላ ነው» አሉ አቶ እንደሻው። «እሱ ግለሰብ ነው። አንቺ መንግሥት ነሽ።»

«እኔም ስታመም ግለሰብ ነኝ» አለች።

«ጠጂቱ፣ ያለ ፈቃድ አንዳች ነገር እንዳታወጪ። ምክር ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ትዕዛዝም ነው።»

ስልኩን ዘጋች። ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ሰው ሳያጠፋው የቀረ የሒሳብ ጥያቄ ነበር፤ እሱን እያየች ብዙ ቆየች። ልትናገር የምትፈልገው ብዙ ነገር ነበር። ስለ ትንንሾቹ አገሮች፣ ስለ ርቀት፣ ስለ እጅ መታጠብ። ድምጿን ልትቀዳ ስልኩን ስታነሳ ግን ያ ሁሉ ጠፋባትና እንዲህ ብቻ አለች፤ በመጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥላ በአማርኛ።

«የቢልቃ ሰዎች፣ ጠጂቱ ነኝ። ተመርምሬ ኮሮና ተገኝቶብኛል። ትምህርት ቤት ተኝቻለሁ፤ ደህና ነኝ። ከማን እንደያዘኝ አልናገርም፤ እናንተም አትጠይቁ። የሱሀይብን ስም ሳላስፈቅደው በሞንታርቦ ጠርቻለሁ። እሱ እናንተን ብሎ በገዛ እግሩ ሄዶ የተመረመረ ልጅ ነው። እኔ ግን ለእናንተ ወረወርኩት። አጥፍቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የታመመ ሰው ስሙ አይጠራም። ማህደር የምታውቀውን እኔ እንኳ አልጠይቃትም። ስም ካስፈለጋችሁ የኔ ይበቃል።»

ለረዲ ላከችለት። ረዲ ደወለላት።

«ቲቸር፣ ይህን ነገር ወረዳ ያውቀዋል?»

«አያውቀውም። ብትፈራ አልፈርድብህም ረዲ።»

«አልፈራሁም» አለ ረዲ። «ነዳጅ ልሙላ ብዬ ነው።»

ድምጿን ፍራሿ ላይ ተቀምጣ ሰማችው፤ መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከወፍጮ ቤቱ በኩል፣ ከዚያ በትምህርት ቤቱ አጥር አጠገብ ሲያልፍ። የራሷን ስም ከውጭ ስትሰማ ሰውነቷ ተሸማቀቀ። ቤቷ ያሉት ልጆቿ ትዝ አሏት። ነኢማ ያን ቀን ጓዳዋ ተቀምጣ ምን እንደተሰማት ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ገባት።

ቀጥሎ በነበረው ጠዋት ማህደር በመስኮቱ በኩል መጣች።

«አንድ ሰው መጣ» አለቻት። «ማን እንደሆነ ግን አልነግርሽም።» ዓይኗ ግን ይስቅ ነበር። ጠጂቱ ማን እንደመጣ ያወቀችው ብዙ ቆይታ፣ ሰውዬው ራሱ ሲያወራው ነው፤ ባለወፍጮው ነበር። ሳል ይዞት ዱቄቱ ነው ብሎ ራሱን ሲያታልል ሰንብቶ ነበር። ከእሱ በኋላ ሁለት ሴቶች መጡ። ከዚያ ገበሬዎች፣ ከዚያ ከነቤተሰቡ የመጣ ነበር። ማህደር ድንኳኑን ከመንገድ ፊት አንስታ ጓሮ ተከለችው፤ ሰዉም ማንም ሳያየው በዚያ በኩል መግባት ጀመረ።

ኦቦ ጉርሙ ግን አልተመለሰም። ኦክስጂኑ ጥቂት ቀን አቆየው፤ ከዚያ አቃተው። ለሊሴ በስልክ ነገረቻት። ጠጂቱ ከለይቶ ማቆያው መውጣት አትችልም ነበርና ቀብሩን ከመስኮት ነው ያየችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከዴራ እስከ በቆጂ ያለ ሰው ፈረሱን ሸልሞ የሚመጣለት ሽማግሌ፣ መከላከያ ልብስ በለበሱ ጥቂት ሰዎች ተይዞ በዝናብ ውስጥ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣ። ከመንገዱ ዳር ግን ሰው ቆሞ ነበር፤ ተራርቆ፣ በየቤቱ በር፣ በየአጥሩ። አስከሬኑ ሲያልፍ ሁሉም መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ጠጂቱ መስኮቱን ይዛ አለቀሰች። እኔ ቶሎ ብነቃ ቶሎ አሰላ ይደርስ ነበር የሚለው ሐሳብ ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሯት ነው፤ ማንም ሊያስተዋት አልቻለም፤ እሷም አልፈለገችም።

ነጻ ተብላ ስትወጣ ልጆቿን አቅፋ ካደረች በኋላ በቀጥታ የሄደችው ሰኢድ ሱቅ ነው። ሰኢድ አቡጀዴ እየለካ ነበር። መለኪያውን አስቀመጠ።

«ጋሽ ሰኢድ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

«ጠይቀሻል እኮ። በሞንታርቦ ሰምተናል።»

«ፊት ለፊት አልጠየቅሁም።»

ሰኢድ ጨርቁን ቀስ ብሎ አጣጠፈ። «ሱሀይብ ተማሪሽ ሳለ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ‹ዛሬ ቲቸር ስሜን ጠራችው› እያለ ነበር የሚገባው» አለ። «ስሙ በአፍሽ መጠራቱ ለሱ ትልቅ ነገር ነበር። እኔ ያዘንኩት በሱ ነው። በወፍጮው አይደለም፤ ወፍጮ ያልፋል።»

ነኢማ ከጓዳ ብቅ ብላ ጠጂቱን አየቻትና ተመልሳ ገባች።

«ይቅር አላልኩም አልልሽም» አለ ሰኢድ በመጨረሻ። «ግን ጊዜ ስጪን።»

ሱሀይብ ከአሰላ ድኖ የተመለሰው ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር። ወደ ጅቡቲ መስመር ወዲያው አልተመለሰም። የወረዳው አምቡላንስ አንድ ብቻ ነበር፤ የታመመው ሰው ደግሞ በየደጋው ገብስ ማሳ መሃል ነው ያለው። ሱሀይብ የአጎቱን ፒክ አፕ ተውሶ ማህደር ዘንድ ሄደና «እኔ አንዴ ይዞኝ ለቆኛል፤ የታመመ ሰው ካለ ላመላልስ» አላት። ከዚያ ክረምቱን ሙሉ በጭቃ መንገድ ሲመላለስ ከረመ። ሰው እንቢ ሲል «እኔም ተኝቼ ነበር፤ ይኸው ተነሳሁ» ይላል። ሰውም እሱን አይቶ ይሳፈራል።

አንድ ቀን ጠጂቱ አብራው ሄደች። አንዲት ወላድ ታማ ከቤት አልወጣም ብላ፣ ማህደር «አንቺ ብትለምኛት» ብላት ነው። ዳገቱን ጨርሰው በጭጋግ ውስጥ መንደሩ ብቅ ሲል ሱሀይብ ተናገረ።

«ቲቸር፣ እዚያ ተኝቼ እናቴ ስትደውልልኝ፣ ምነው ባልተመረመርኩ እል ነበር። ዝም ብዬ መኪናዬን አስነስቼ ብሄድ ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር።»

«እውነትህን ነው» አለችው።

«ሞንታርቦውን እናቴ በስልክ አሰማችኝ። ሁለተኛውን። ‹ለእናንተ ወረወርኩት› ያሉትን።» ማርሽ ቀየረ። «እንደሱ ነበር የሆነው። ትክክለኛው ቃል እሱ ነው።»

ወላዷን አሳምነው፣ ሕፃኑን ከነአያቱ ትተው፣ እሷን አሰላ አድርሰው ተመለሱ። ሴትዮዋ ዳነች።

ወረዳው የጠጂቱን ነገር ዝም ብሎ አላለፈውም። ያለ ፈቃድ መግለጫ ማውጣቷ በግምገማ ተነሳባት። አቶ እንደሻው ብዙ አልተናገሩም፤ ብቻ «ልብሽ ጥሩ ነው፤ አመራር ግን በልብ ብቻ አይሆንም» አሏት። እሷም አልተከራከረችም። የመጀመሪያውን ስታስነግር ማንም አልገመገማትም ነበር፤ እሱን ብታነሳ ለራሷ መከላከያ ይመስልባታል ብላ ተወችው። ከከንቲባነቱ ተነሳችና ትምህርት ቤት ሲከፈት ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ተማሪዎቹ ጭንብል አድርገው በፈረቃ ስለሚመጡ፣ ግማሾቹን በዓይናቸው ብቻ መለየት ነበረባት።

ሱሀይብ ወደ መኪናው ተመለሰ። ነኢማ ወደ ቢልቃው ወፍጮ ቤት እስከ መኸር አልሄደችም። አንድ ጠዋት ግን ማንም ሳይለምናት እህሏን አስይዛ ሄደች፤ ባለወፍጮውም ወረፋውን ትቶ ራሱ ተቀበላት።

የጉርሙ መንፈቅ ሲደርስ ለሊሴ ለተዝካሩ አገሩን ጠራች። ያኔ ሰው መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። ድንኳን ተጥሎ፣ ለክርስቲያኑ በአንድ ወገን፣ ለሙስሊሙ በሌላ ወገን ተሰናድቷል። ጠጂቱ ከትምህርት ቤት ዘግይታ ደረሰች። ድንኳኑ ሞልቷል። በውጭ በኩል፣ ፀሐይ ላይ፣ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ሰኢድ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር እዚያ ተቀምጧል። የሚገባበት አጥታ ስትቆም አያት።

ሰኢድ ጋቢውን ሰበሰበና ወደ ጎን ፈቀቅ አለ።

«ነይ ተቀመጪ ቲቸር» አላት። «ጥላው ጋ ይበርዳል።»